እውነተኛ ምስክር ሲሳሳት፤ የፕሮፌሰር ሁጎ ሙንስተርበርግ የሕይወት ታሪክ

ዳኛ በችሎት ተቀምጦ የነፍስ ግድያ ወይም የስርቆት ነገር በሚሰማበት ጊዜ እጅግ የሚታመንባቸው ማስረጃዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በዐይኔ አይቻለሁ የሚል ሰው በመሐላ የሚሰጠው የምስክርነት ቃል ነው፤ ሁለተኛው ተከሳሹ በገዛ አፉ የሚሰጠው የእምነት ቃል ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተገኙ ነገሩ እንደ ተፈጸመ መቁጠር በየአገሩ የቆየ ልማድ ነው። ሐሰተኛ ምስክር መኖሩን ማንም ያውቃል፤ ሕግም ቅጣቱን ወስኖለታል። ነገር ግን ሐሰት ለመናገር ከቶ ያላሰበ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ከተከሳሹም ጋራ ጥቅም ወይም ጠብ የሌለው ምስክር በመሐላው ላይ ቆሞ ያልነበረውን እንደ ነበረ አድርጎ ሊናገር ይችላል ቢባል ብዙ ሰው ለመቀበል ይቸግረዋል። ነፍስ ያላጠፋ ሰው አለንጋ ሳይነካው ነፍስ አጥፍቻለሁ ብሎ ሊናገር ይችላል ቢባል ደግሞ የሚቀበለው ከዚህም ያነሰ ነው።

ይህንን ነገር በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ አገር በአደባባይ ተናግሮ ከዳኞች፣ ከጠበቆችና ከጋዜጠኞች ጋራ የተጣላው ሁጎ ሙንስተርበርግ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ነው። የዚህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያነሣሣን ያስተማረው ትምህርት ለፍርድ ሥራ የሚጠቅም መሆኑ ብቻ አይደለም። ሌላውን ሰው አትቸኩል፣ ባየኸውም አትመካ እያለ ሲያስተምር ቆይቶ እርሱ ራሱ በቸኮለና በተመካ ጊዜ የደረሰበት ነገር ከትምህርቱ ያላነሰ የሚታሰብበት ስለ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሙንስተርበርግ በጁን 1 ቀን 1863 ዓ.ም. በባልቲክ ባሕር ዳር በዳንዚግ ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ በፕሩሲያ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ ግዳንስክ ተብላ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። አባቱ ነጋዴ ነበረ፤ እናቱም የሥዕል ሥራ የምታውቅ ሴት ነበረች። ልጁ ገና 12 ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተችበት፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላውም አባቱ ተከተላት። ከዚህ በኋላ ወደ ላይፕዚግ ከተማ ሄዶ የሕክምና ትምህርት ጀመረ፤ በዚያም ሳለ ቪልሄልም ቩንት የተባለውን ታላቅ መምህር አገኘ።

ስለዚህ መምህር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከቩንት በፊት የሰውን ልቡና መመርመር የፈላስፎችና የሃይማኖት መምህራን ፈንታ ነበር። ቩንት በ1879 ዓ.ም. በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ አንድ የመመርመሪያ ክፍል አቋቋመና ዐይን ብርሃንን ለማየት፣ ጆሮ ድምፅን ለመስማት፣ አሳብም ከአንድ ቃል ወደ ሌላ ቃል ለመሻገር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ የሰከንድን ሺኛ ክፍል በሚቈጥር ሰዓት መለካት ጀመረ። ፕሲኮሎጂ፣ በእኛም ቋንቋ ሥነ ልቡና፣ የሚባለው ትምህርት ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኖ የተቈጠረው ከዚህ ወዲህ ነው። ይህ ትምህርት ነፍስ ከወዴት መጣች፣ ወዴትስ ትሄዳለች ብሎ የሚፈርድ አይደለም፤ የሚመረምረው ሰው እንዴት እንደሚያይ፣ እንዴት እንደሚያስታውስና እንዴት እንደሚዘነጋ ነው። ስለዚህ ከሃይማኖት ትምህርት ጋራ የሚያጣላው ነገር የለም።

ሙንስተርበርግ በ1885 ዓ.ም. በላይፕዚግ የፍልስፍና ዶክተርነትን፣ በ1887 ዓ.ም. ደግሞ በሃይደልበርግ የሕክምና ዶክተርነትን ተቀበለ። ከዚያም በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በ1889 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የሥነ ልቡና ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ዊልያም ጄምስ ከተባለው የአሜሪካ ፈላስፋ ጋራ ተዋወቀ። ጄምስም የወጣቱን ችሎታ ተመልክቶ በ1892 ዓ.ም. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የሥነ ልቡና መመርመሪያ ክፍል እንዲመራ አስጠራው። ሙንስተርበርግ ወደ አሜሪካ ሲሄድ የእንግሊዝኛን ቋንቋ በሚገባ አይናገርም ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ በዚያ ቋንቋ የሚያስተምርና ሕዝብ የሚወደውን መጽሐፍ የሚጽፍ ሆነ። ሦስት ዓመት ሠርቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1897 ዓ.ም. እንደ ገና ሄዶ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በዚያው ቀረ። በ1898 ዓ.ም. የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ማኅበር ፕሬዚደንት ሆኖ ተመረጠ። ከዚህ ሁሉ ጋራ የጀርመን ዜግነቱን አልተወም፤ ይህም በኋላ ዋጋ አስከፍሎታል።

በሃርቫርድ ካደረጋቸው ሙከራዎች አንዱ እጅግ ቀላል ነው፤ ማንም ሰው በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። በአንድ ነጭ ካርቶን ላይ 50 ትናንሽ ጥቁር ምልክቶችን አድርጎ ለተማሪዎቹ አምስት ሰከንድ ያህል አሳያቸውና ስንት እንደሆኑ እንዲጽፉ አዘዛቸው። የመልሳቸው ቍጥር ከ25 እስከ 200 ድረስ ተለያየ። እነዚህ ተማሪዎች ደንቆሮዎች አልነበሩም፤ ነገሩን በጥንቃቄ እንዲያዩት አስቀድሞ የተነገራቸው፣ የፍርሃትም የቍጣም ምክንያት የሌላቸው፣ በመልካም ብርሃን በወንበር የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ በሌሊት፣ በጩኸትና በሽብር መካከል የሸሹት ወንበዴዎች ስንት ነበሩ ተብሎ የሚጠየቀው ገበሬ ወይም መንገደኛ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከዚህም የበለጠ ዝና ያገኘው ሙከራ በራሱ በሙንስተርበርግ የተደረገ አይደለም፤ እርሱ በአሜሪካ እንዲታወቅ አደረገው እንጂ። በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ፍራንዝ ፎን ሊስት የተባለው ታላቅ የወንጀል ሕግ መምህር በሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ድንገት ተጣሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ሽጉጥ አወጣ፤ መምህሩም በመካከላቸው ገባ፤ ተኩስም ተሰማ። የቀሩት ተማሪዎች ደነገጡ። ጠቡ ግን አስቀድሞ በጽሑፍ የተዘጋጀ ነበረ፤ እያንዳንዱ ቃልና እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ተቈጥሮ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ተመልካቾቹ ያዩትን እንዲናገሩና እንዲጽፉ በተደረገ ጊዜ እጅግ ጥቂት የተሳሳተው ሰው ከመቶው 26 ተሳሳተ፤ እጅግ የተሳሳተው ደግሞ ከመቶው 80። አንዳንዶቹ በክፍሉ ውስጥ ዝም ብለው የነበሩትን ሰዎች ተናገሩ አሏቸው፤ አንዳንዶቹም በዐይናቸው ፊት የተደረገውን ፈጽመው ዘነጉት። ሽጉጡ ከወጣ በኋላ ስላለው ክፍል የተሳሳቱት ደግሞ በመጀመሪያው ክፍል ከተሳሳቱት ይልቅ ብዙ ነበረ። ይህ ለዳኛ ሁሉ የሚያስደነግጥ ነገር ነው፤ በፍርድ ቤት እጅግ የሚፈለገው ሽጉጥ ከወጣ በኋላ ያለው ነውና። ተመልካቾቹም የሕግ ተማሪዎች ነበሩ፤ ነገ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ የሚሆኑ።

ሙንስተርበርግ ይህን ሁሉ በሌላ ሰው ላይ ብቻ አልተናገረም። የራሱንም ስሕተት በመጽሐፉ ውስጥ ገልጦ ጽፎታል፤ በእኛ አስተያየት ከጻፈው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በአንድ የሙቀት ወራት ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ ባሕር ዳር ሄዶ ሳለ ሌባ ቤቱን ሰብሮ ገባ። ነገሩ ለፍርድ በቀረበ ጊዜ እርሱ ምስክር ሆኖ ተጠርቶ ማለ። ሌቦቹ በምድር ቤቱ መስኮት እንደ ገቡ፣ የሻማ ጠብታ በላይኛው ፎቅ እንዳገኘ፣ አንድ ትልቅ ሰዓት ሊወስዱት በወረቀት ጠቅልለው በጠረጴዛ ላይ እንደ ተዉት፣ የተሰረቀውም ልብስ በዝርዝር ለፖሊስ ካስታወቀው የማይበልጥ መሆኑን አረጋግጦ ተናገረ። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ነገሩን ቢመረምር የተናገረው ሁሉ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ሌባው የገባው የምድር ቤቱን በር ቍልፍ ሰብሮ ነው እንጂ በመስኮት አይደለም፤ የሻማው ጠብታ የነበረው ከጣራው በታች ባለው ክፍል ነው፤ ሰዓቱ የተጠቀለለው በጠረጴዛ ልብስ ነው፤ ከተሰረቀው ልብስ ውስጥ ሰባቱን ረስቷቸዋል። ሌቦቹ ሁለት ናቸው ሲል ቈይቶ ነበር፤ ነገር ግን ከአንድ በላይ መሆናቸውን የሚያውቅበት ምክንያት እንዳልነበረው ያን ጊዜ ተረዳ። በመሐላው ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

ምክንያቱንም እንዲህ አድርጎ ይገልጠዋል። የሰው ማስታወስ በሰም ላይ እንደ ታተመ ማኅተም አይደለም። ያየነው ነገር ጥቂት ነው፤ የቀረውን ልማዳችን፣ ከሌላ ሰው የሰማነው፣ የጠያቂውም አነጋገር ይሞላዋል፤ እኛም ሁሉን ያየነው ይመስለናል። መስኮት የሌባ መግቢያ ነው የሚለው ልማድ በልቡ ስላለ መስኮቱን አየሁ አለ። ከዚህ የተነሣ የጠያቂው ቃል ብርቱ ኀይል አለው። ቀይ ልብስ ለብሶ ነበረን ብሎ መጠየቅና ምን ለብሶ ነበር ብሎ መጠየቅ አንድ አይደለም፤ የፊተኛው ጥያቄ በምስክሩ ልብ ውስጥ ቀይ ልብስ ይተክላል። በመጽሐፈ ሶስና ነቢዩ ዳንኤል ሁለቱን ረበናት ለያይቶ እያንዳንዱን ከምን ዛፍ ሥር እንዳያቸው ብቻ እንደ ጠየቀ ሊቃውንት አባቶቻችን ያውቃሉ። የዛፉን ስም እርሱ አስቀድሞ ጠርቶላቸው ቢሆን ኖሮ ሶስና በድንጋይ ተወግራ በሞተች ነበር።

በጃንዋሪ ወር 1906 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ አንዲት ባለ ትዳር ሴት ታንቃ ተገደለች። ሬሳዋን ያገኘው ሪቻርድ አይቨንስ የተባለ ወጣት ነበረ፤ ማግኘቱንም ለሰዎች የተናገረ እርሱ ራሱ ነው። ፖሊሶች ይዘው ብዙ ሰዓት ከመረመሩት በኋላ ገድያታለሁ አለ። ይህንንም ቃል በልዩ ልዩ ጊዜ ደጋገመው፤ በደጋገመም ቍጥር ነገሩ እየሰፋ፣ ዝርዝሩም እየበዛ ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን በፍርድ ቤት ካደ፤ ስለ ምርመራውም በፊቱ የብረት ብልጭታ ከማየቱ በቀር የሚያስታውሰው እንደሌለ ተናገረ። ሴቲቱ በተገደለችበት ሰዓት በሌላ ስፍራ አይተነዋል የሚሉ ምስክሮችም ቀረቡለት። ፈራጆቹ ግን ምስክሮቹን ትተው የእምነት ቃሉን ያዙ፤ ያላደረገውን አደረግሁ የሚል ሰው የለም ብለው ነው።

አንድ የቺካጎ ሐኪም የመዝገቡን ዝርዝር ለሙንስተርበርግ ልኮ አሳቡን እንዲገልጥለት ለመነው። ሙንስተርበርግም መዝገቡን አንብቦ የወጣቱ ቃል በድካም፣ በድንጋጤና ደጋግሞ በሚነገር የሌላ ሰው አሳብ ብዛት የመጣ እንጂ የእውነተኛ ትዝታ እንዳልሆነ፣ ወጣቱም ንጹሕ መሆኑን እንደሚያምን ጻፈ። ዊልያም ጄምስም የእምነት ቃሉን እንዲሁ ተጠራጠረው። ደብዳቤው በጋዜጣ ሲወጣ በከተማው ታላቅ ቍጣ ተነሣ። ከሩቅ ሆኖ የቺካጎን ፍርድ የሚነቅፍ ይህ የውጭ አገር ፕሮፌሰር ማን ነው ተባለ። ወጣቱ በጁን ወር 1906 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። ከወንጀሉ እስከ ስቅላቱ ስድስት ወር አልሞላም።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እንድናስብ ይገባል። በአገራችን አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ ሊሆን የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንደማይገደድ፣ በማስገደድ የተገኘም ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። ማስገደድ ሲባል ብዙዎቻችን ዱላንና እስራትን እናስባለን። የቺካጎው ነገር የሚያስጠነቅቀን ግን እንቅልፍ ያጣ፣ የፈራና ልቡ የደከመ ሰው ያለ ዱላም ሊሰበር እንደሚችል ነው። መርማሪው ሐሰት ለማናገር ያላሰበ ቅን ሰው ቢሆን እንኳ ያንኑ ጥያቄ ሃያ ጊዜ በመደጋገሙ ብቻ ለተጠያቂው ያልነበረውን ትዝታ ሊሰጠው ይችላል።

ሙንስተርበርግ ይህን ያህል ካስተማረ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ወደ አይዳሆ ግዛት ሄደ፤ በዚያም ስሙ ጐደፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዲሴምበር 30 ቀን 1905 ዓ.ም. ፍራንክ ስተነንበርግ የተባለ የአይዳሆ የቀድሞ አገረ ገዢ በገዛ ቤቱ በር ላይ በተጠመደ ፈንጂ ተገደለ። ሃሪ ኦርቻርድ የሚባል ሰው ተያዘ። ይህ ሰው ለብቻው ተዘግቶ ከቈየ በኋላ አንድ ስመ ጥር የግል መርማሪ እየተመላለሰ አነጋገረውና ስተነንበርግን ብቻ ሳይሆን ሌሎችንም ብዙ ሰዎች እንደ ገደለ፣ ያዘዙትም የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር መሪዎች እንደሆኑ ተናገረ። ከመሪዎቹ አንዱ ዊልያም ሄይውድ በ1907 ዓ.ም. በቦይዚ ከተማ ለፍርድ ቀረበ፤ ከጠበቆቹ አንዱ በኋላ ዝናው በዓለም የተሰማው ክላረንስ ዳሮው ነበረ። የሄይውድ ሞትና ሕይወት በኦርቻርድ ቃል እውነተኛነት ላይ ተንጠለጠለ። በዚህ ጊዜ አንድ የታወቀ መጽሔት ሙንስተርበርግን ጋብዞ ነገሩን እንዲመለከትለት ላከው።

በችሎት ላይ ኦርቻርድን ባየው ጊዜ ፊቱ አስጠላው፤ ይህ ሰው እውነት ይናገራል ብሎ አላመነም። ከዚያ በኋላ ተፈቅዶለት ወደ ወኅኒ ቤት ገባና ሰውየውን ለብዙ ሰዓት በልዩ ልዩ ሙከራ ፈተነው። ከሙከራዎቹ ዋነኛው የቃል ሙከራ ነበር፤ ይኸውም መርማሪው አንድ ቃል ይጠራል፣ ተመርማሪው ወደ አሳቡ የመጣለትን የመጀመሪያ ቃል ይመልሳል፣ በመካከሉ ያለው ጊዜ ይለካል። ምሥጢር የሚደብቅ ሰው ምሥጢሩን የሚነካ ቃል በተጠራ ጊዜ እንደሚዘገይ ይታሰባል። ኦርቻርድ አልዘገየም። ሙንስተርበርግም ሰውየው ምንም የሚደብቀው ነገር የለም፣ ቃሉ ሁሉ እውነት ነው ብሎ ቈረጠ። በባቡር ወደ ቤቱ ሲመለስ ይህን ውሳኔውን ለአንድ ጋዜጠኛ ነገረው፤ ነገሩም ፈራጆቹ ገና ሳይፈርዱ በጋዜጣ ታተመ።

የአንድ ሰው ነፍስ በፍርድ ላይ ሳለች ይህን ማድረግ እንዴት ያለ ጥፋት እንደሆነ ለሕግ ሰዎች መንገር አያስፈልግም። ከዚህም ሌላ ሙከራው ራሱ ሊመልስ የማይችለውን ጥያቄ እንዲመልስ አድርጎታል። አንድ ሰው ምሥጢር አለመደበቁ ቃሉን ለማመኑ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የሚያምነው ነገር መደረጉን ግን አያስረዳም። ይህንንም በቺካጎው ወጣት ነገር ያስተማረው ራሱ ሙንስተርበርግ ነበረ። የኦርቻርድም ቃል የተገኘው እርሱ ራሱ አስጠንቅቁ በሚለው መንገድ፣ ማለት በብቸኝነትና በመርማሪ ብዙ ንግግር ነበር። እንዲህ ሆኖ ሳለ ለጥርጥር የሚሆን ስፍራ አልተወም። የሚለካ መሣሪያ በእጅ ሲገኝ ልብ ይኰራል። በአገራችን ቀድሞ ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበረ፤ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ከሮጠ በኋላ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ይባል ነበር። የሃርቫርዱ ሰዓት ከሌባሻይ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን በቦይዚ ለአንድ ቀን ያህል ሥራቸው አንድ ሆኖ ታየን።

ፈራጆቹ በጁላይ ወር 1907 ዓ.ም. ሄይውድን በነጻ ለቀቁት። የለቀቁትም በሰዓት መለኪያ አይደለም። የአይዳሆ ሕግ የግብረ አበር ቃል በሌላ ማስረጃ ካልተደገፈ በቂ አይደለም ስለሚል፣ ደጋፊውም ማስረጃ ስላልተገኘ ነው። አንድ ምስክር ብቻውን አይበቃም፣ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነገር ሁሉ ይጸናል የሚለው ሥርዓት በኦሪትም በፍትሐ ነገሥትም ያለ ነው፤ በዚያ ቀን ከአዲሱ ዕውቀት ይልቅ ይህ አሮጌ ሥርዓት ጠነከረ።

ጋዜጦች ሙንስተርበርግን ሲያፌዙበት ሰነበቱ። እርሱ ግን በ1908 ዓ.ም. ስለ ምስክር፣ ስለ ማስታወስና ስለ ሐሰተኛ የእምነት ቃል የጻፋቸውን ጽሑፎች ሰብስቦ በምስክር ወንበር ላይ የሚል ስም ባለው መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ብዙ አንባቢ አገኘ። በመቅድሙ ግን ጠበቆችንና ዳኞችን ከዕውቀት የሚሸሹ ግትር ሰዎች እንደሆኑ አድርጎ ስለ ወቀሳቸው አስቈጣቸው። በ1909 ዓ.ም. ጆን ሄንሪ ዊግሞር የተባለ በማስረጃ ሕግ እጅግ የተከበረ ሊቅ አንድ የፈጠራ ክስ ጻፈ፤ በክሱ ውስጥ ሙንስተርበርግ የሕግ ሰዎችን ስም በማጥፋት ተከስሶ ቀርቦ ይፈረድበታል። ቀልድ ቢመስልም ነቀፋው ብርቱ ነበረ። ዳኞች ሊሠሩበት የሚችሉት፣ በሊቃውንትም መካከል የተስማሙበት መንገድ ገና ሳይኖር ስለ ምን አልተጠቀማችሁበትም ብሎ መውቀስ አይገባም የሚል ነው። ዊግሞር ራሱ የሥነ ልቡናን ጥናት የሚወድ ሰው ስለ ነበረ ነቀፋው ከጠላት የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ከዚህ በኋላ ብዙ ዓመት ሙሉ የሕግና የሥነ ልቡና ሊቃውንት ተለያይተው ቈዩ። ጥቂት ትሕትና ቢጨመርበት ኖሮ ይህ ሁሉ ጊዜ ባልባከነ ነበር ብለን እናስባለን።

መቸኰሉ በዚህ አላበቃም። በአሜሪካ ጁሪ የሚባሉ ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ተመካክረው ይፈርዳሉ፤ ምክክራቸው የሚጠቅም መሆኑን ለማወቅ ሙንስተርበርግ ነጠብጣብ የተደረገባቸውን ካርቶኖች ለወንዶችና ለሴቶች ተማሪዎች እያሳየ የትኛው እንደሚበልጥ ጠየቃቸው። ወንዶቹ ከምክክር በፊት ከመቶው 52፣ ከምክክር በኋላ 78 በትክክል መለሱ፤ ሴቶቹ ግን በፊትም በኋላም ከመቶው 45 ነበሩ። ከዚህም ተነሥቶ ሴቶች ለፈራጅነት አይስማሙም ብሎ ጻፈ። ነጠብጣብ ከመቍጠር ተነሥቶ የግማሹን ሕዝብ የፈራጅነት መብት መንፈግ ምን ያህል የራቀ ዝላይ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ፤ በኋላም ሙከራውን የደገሙት ሰዎች ያን ውጤት አላገኙትም።

በሌላው ሥራው ግን የተመሰገነ ነው። የትራም ነጂዎችን ችሎታ የሚፈትንበትን ዘዴ አወጣ፤ በ1913 ዓ.ም. ስለ ሥራና ስለ ሠራተኛ ምርጫ፣ በ1916 ዓ.ም. ስለ ሲኒማ የጻፋቸው መጻሕፍትም ዛሬ በየመስካቸው እንደ መጀመሪያ ይቈጠራሉ።

በ1914 ዓ.ም. የአውሮፓ ጦርነት ሲነሣ ሙንስተርበርግ ስለ ትውልድ አገሩ ተሟግቶ ብዙ ጻፈ። የሚያከብሩት ሰዎች ራቁት፤ የሥራ ባልደረቦቹም ሰላምታ ነፈጉት። አንድ የቀድሞ ተማሪ ሙንስተርበርግ ካልተባረረ ለሃርቫርድ ያሰብሁትን 10 ሚሊዮን ዶላር ውርስ እከለክላለሁ አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን መምህርን በገንዘብ አንለውጥም ብሎ እንቢ አለ። በግቢው የሚያርፉትን ርግቦች ያዩ ጎረቤቶችም ለሰላዮች መልእክት የሚያደርሱ ናቸው ብለው ጠረጠሩ። ስለ ሐሰተኛ ትዝታና ስለ ፍርሃት ኀይል ያስተማረው ሰው በመጨረሻው ዘመኑ ሰዎች ርግብን አይተው ሰላይ እንደሚሉ በገዛ ደጁ ተመለከተ።

በዲሴምበር 16 ቀን 1916 ዓ.ም. በራድክሊፍ የሴቶች ኮሌጅ ለማስተማር ወደ መድረኩ ወጣ፤ ንግግሩን ጀምሮ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ በተማሪዎቹ ፊት ወደቀና ሞተ። ዕድሜው 53 ዓመት ነበረ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ዊልያም ማርስተን የደም ግፊትን በመለካት ሐሰትን ለማወቅ የሚያስችል ዘዴ አወጣ፤ በ1923 ዓ.ም. የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሊቃውንት ዘንድ በአጠቃላይ የተቀበሉት አይደለም ብሎ ሳይቀበለው ቀረ። ስለ ምስክር ያስተማረው ነገር ግን ሌሎች ሊቃውንት ተነሥተው በጥንቃቄ ሲያጠኑት እየጸና ሄደ። በእንግሊዝ አገር በ1984 ዓ.ም. የወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ የተጠርጣሪዎች ምርመራ በድምፅ እንዲቀረጽ መንገድ ከፈተ፤ በዚህም ዳኛው የተጠያቂውን መልስ ብቻ ሳይሆን የጠያቂውንም ቃል ለመስማት ቻለ። በአሜሪካም ከ1989 እስከ 2020 ዓ.ም. ድረስ ዲ ኤን ኤ በሚባለው የደምና የሰውነት ምርመራ ንጽሕናቸው ታውቆ ከተፈቱት 375 ያህል ፍርደኞች ውስጥ ከመቶው 69 በሚሆኑት ላይ የተሳሳተ የዐይን ምስክር ነበረባቸው፤ ከመቶው 29 በሚሆኑት ላይ ደግሞ ሐሰተኛ የእምነት ቃል ተገኝቷል። ከእነርሱም ውስጥ የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው ቀናቸውን ይጠብቁ የነበሩ ነበሩ።

ሃሪ ኦርቻርድ በ1908 ዓ.ም. በሞት ከተፈረደበት በኋላ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት። በወኅኒ ቤት ውስጥ ዶሮ እያረባ ኖረ፤ የተናገረውንም ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለውጥ ሙንስተርበርግ ከሞተ ከ37 ዓመት በኋላ በ1954 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። የማኅበሩ መሪዎች አዝዘውት ነበር ወይስ አላዘዙትም የሚለው ነገር እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል።